ከአሰብ ያስቀረኝ ስለት

ስሜ ወንዳፍራሽ ነው። አባቴ ይህን ስም ሲያወጣልኝ ምን ታይቶት እንደነበር አላውቅም። እኔ በአርባ አንድ ዓመት ዕድሜዬ ያፈረስኩት ነገር ቢኖር የኦቦ ሞቱማን የግቢ አጥር ብቻ ነው፤ እሱንም መኪና ወደ ኋላ ስነዳ።

ኦቦ ሞቱማ የሱሉልታ ባላገር ናቸው። ጣሊያን ጥሎት የሄደ አንድ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ነበራቸው፣ ሾፌሩ እኔ ነበርኩ። ሣር በሚታጨድበት ወራት ከሱሉልታ ድርቆሽ እጭናለሁ፤ በቀረው ጊዜ ከቡራዩ ድንጋይ ጭኜ ሰበታ ለሚሠራ ፋብሪካ አራግፋለሁ። ጠዋት ከሰበታ እወጣለሁ፣ ማታ ሰበታ ቤቴ ገብቼ ሚስቴ ገለቴ ያቀረበችልኝን በልቼ እተኛለሁ። ራቅ ብዬ ሄድኩ የምለው ጫንጮ ድረስ ነው፤ እሱም የሚስቴ አገር ስለሆነ ከመንገድ አይቆጠርም።

ይህን ሥራ እወደው ነበር። ይህን ግን ለሰው አልናገርም፤ ሾፌር ሆኖ ሣር መጫን እወዳለሁ ብሎ የሚናገር የለም። ድርቆሽ የጫንኩ ቀን ጭዱ ከጸጉሬ አይለቅም፣ የሰበታ አህዮች አክብሮት በሚመስል ሁኔታ ቆመው ያሳልፉኛል። በየሺወርቅ ጠጅ ቤት ስሜ «ባለ ሣሩ» ነው። እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር፤ ቤቴ ስገባ ግን ይቆጨኛል።

ነገሩ የመጣው በአብሮ አደጌ በአለሙ ነው። አለሙ የአሰብ ሾፌር ነው፣ ኤንትሬ የሚሉትን ተሳቢ ያለውን ፊያት የሚነዳ። በወር አንድ ጊዜ ሰበታ ብቅ ሲል ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ ትንሿን ሬዲዮ በብብቱ ይዞ ነው፤ ጠጅ ቤት ሲገባ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለታል። የዳናኪልን ሐሩር ሲያወራ ብርሌ የያዘ ሁሉ መጠጣቱን ይረሳል። እኔ ስለ ሱሉልታ ውርጭ ሁለት ጊዜ ላወራ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ የሚሰማኝ አጣሁ።

በመስከረም መጨረሻ አለሙ መጥቶ «አሠሪያችን ረጋ ያለ ሾፌር ይፈልጋሉ፤ አዲስ ኤንትሬ ሊያስገቡ ነው» አለ። እኔ የዚያን ዕለት ሦስተኛ ብርሌዬ ላይ ነበርኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ብድግ ብዬ «እኔ አለሁ! ገብርኤል ይህን ሥራ ከሰጠኝ ጃንጥላ አገባለታለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። የሺወርቅ አንድ ብርሌ በነጻ ቀዳችልኝ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አድርጋው አታውቅም።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ገለቴ በሩ ላይ ቆማ «ዱጋዳ?» አለችኝ። ነገሩ ሲከብዳት በኦሮምኛ ነው የምትጠይቀኝ፤ እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው። ያኔ «ጠጁ ነው ያናገረኝ፣ ተይው» ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። እኔ ግን ጭብጨባው ገና ከጆሮዬ አልወጣም ነበርና «ይህ ሥራ ካመለጠኝ እሞታለሁ» አልኳት። «እሺ፣ ከፈለግከው ይሁን» አለችኝ።

አሠሪው አቶ ገብረየስ ይባላሉ። ያለ ፈተና ሰው አይቀጥሩም፤ ፈተናውም ከአለሙ ጋር ጭነት ይዞ ደብረ ሲና ደርሶ መመለስ ነው። እስከ ጣርማ በር እየዘፈንኩ ነዳሁ። ከዋሻው ወጥተን ቁልቁለቱ ፊቴ ላይ ሲዘረጋ ግን ዘፈኑ ከየት ላይ እንደቆመ አላስታውስም። ታች ያለው ደመና ነው። ደመና እኔ ከበላዬ ነበር የማውቀው። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ከኋላዬ ተሳቢው ይገፋኛል፣ አለሙ አጠገቤ ተኝቶ ያንኮራፋል። በአንደኛ ማርሽ ጀመርኩ፣ በአንደኛ ማርሽ ጨረስኩ። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ሲነፉ ለእኔ የቀብር መለከት ነበር። ደብረ ሲና ስንደርስ ሸሚዜ ተጨምቆ ውሃ ይወጣው ነበር። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

አለሙ ነቅቶ ወረደና የጎማውን የፍሬን ከበሮ በእጁ ዳሰሰው። «ቀዝቃዛ ነው!» አለ በአድናቆት። «ይህን ቁልቁለት ፍሬን ሳያግል የሚወርድ ሰው አይቼ አላውቅም!» አቶ ገብረየስም ይህን ሲሰሙ እጄን ጨብጠው «የምፈልገው እንደ አንተ ያለ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ በኅዳር ትጀምራለህ» አሉኝ። ይህን ያሉኝ የላቤ ጨው ሸሚዜ ላይ ደርቆ እያዩ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። የሁለቱን ሥራ ልዩነት ማወቅ ትልቅ ብልሃት አይጠይቅም። አሰብ ክብር አለው፣ ደመወዙ ይበልጣል፣ ጥቁር መነጽር ያስደርጋል፤ በወር ሁለት ሌሊት ቤት ካደርኩ ትልቅ ነገር ነው፣ ጣርማ በርን ደግሞ ዕድሜ ልክ መውጣትና መውረድ ነው። እዚህ ሣር አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ማታ ገለቴ አለች። የምፈልገው የቱን እንደሆነ ልቤ አጥርቶ ያውቃል። የቸገረኝ አፌ ነው። መቅረት እፈልጋለሁ፤ ግን ያስቀረኝ ሌላ ሰው እንዲሆን፣ እኔም ስቀር እንደ ተበደለ ሰው እንድታይ እፈልጋለሁ። ለኦቦ ሞቱማ ልለቅ ነው ስላቸው እንኳ «ተው፣ የት ትሄዳለህ?» ብለው እንዲለምኑኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ዋቅኒ ሲ ሃ ገርጋሩ» ብለው መረቁኝ፤ እግዜር ይርዳህ ማለት ነው። እግዜር እንዲረዳኝ የፈለግኩት በሌላ በኩል ነበር።

አንድ ቀን ቡራዩ ድንጋይ ሲጫንልኝ ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። እዚያ የሚያውቀኝ ሰው የለም። ግንቡን ሳምኩና «ሚካኤል ሆይ፣ ይህን የአሰብ ሥራ አስቀርልኝ፤ ብቻ እኔ ቀረሁ እንዳይባል። ጃንጥላ አገባልሃለሁ» አልኩ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል፤ አባቶቻችን ያሉትን ያደረግሁ ነው የመሰለኝ። ለገብርኤል ልሂድ ብዬ፣ ለሚካኤል ልቅር ብዬ ተሳልኩ። ሁለቱ በአንድ ሥዕል ላይ ጎን ለጎን ቆመው እንደሚሳሉ፣ ቢያንስ እንደሚነጋገሩ፣ ያኔ ትዝ አላለኝም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አለሙ አንገቱን ደፍቶ ቤቴ መጣ። «ወንድሜ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ፤ አቶ ገብረየስ መኪናውን ለእህታቸው ልጅ ሰጡት» አለ። ፊቴ ሊከዳኝ ሆነ። ሳቅ ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ደረሰ። ፈጠን ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩና ግንባሬን አስደግፌ አፌን በክንዴ አፈንኩ፤ ትከሻዬ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ገለቴ ከኋላዬ መጥታ እጇን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። «አይዞህ» አለችኝ። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አታልቅስ።»

ሰው ካዘነልኝ አይቀር ብዬ ነገሩን ገፋሁበት። ጠጅ ቤት ገብቼ ስለ ዘመድ አዝማድ ሥራ ንግግር አደረግሁ፤ እንደዚያ የተደመጥኩበት ቀን የለም። ቤት ደግሞ ከቀረበልኝ ግማሹን ትቼ እየተከዝኩ እነሳለሁ፤ ጠዋት መኪናው ውስጥ ዳቦ በሻይ እጨርሳለሁ። እኔ በዚህ አኳኋን ስወፍር ገለቴ ከሳች። አየኋት፤ አላየኋትም አልልም። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሰነበትኩ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ጃንጥላውን ገዝቼ ከሾፌር ወንበሩ ጀርባ ደብቄዋለሁ። ጠዋት ስነሳ ገለቴን «ቡራዩ ድንጋይ ልጭን ነው» አልኳት።

«በሚካኤል ቀን? ድንጋይ?»

«ድንጋይ ምን በዓል ያውቃል!»

 እሷም እህቷን ለመጠየቅ አዲስ አበባ እንደምትሄድ ማታ ነግራኝ ስለነበር ብዙ የምትጠይቀኝ አልመሰለኝም።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሰው ብዛት መቆሚያ የለውም ነበር። ስለት የሚያስነግሩት ቄስ ደገፋ የሚባሉ፣ ድምፃቸው ገፈርሳ ድረስ የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። ጃንጥላዬን አገላብጠው አዩና «የክርስትና ስምህ?» አሉኝ። ደስ አለኝ። የክርስትና ስሜን የሚያውቁ የነፍስ አባቴና ሚስቴ ብቻ ናቸው።

«ወልደ ሰንበት።»

«ሥራህስ?»

«ሾፌር ነኝ፣ ከሰበታ።»

«ሚካኤል ምን አደረገልህ?»

«እሱ በልብ የሚታወቅ ነው አባቴ።»

«በልብ የሚታወቅ ከሆነ ጃንጥላውንም በልብህ ታስገባው ነበር!» አሉኝ። «ተአምሩ ካልተነገረ ስለቱ ገባ አይባልም። ተናገር!»

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። የማያውቀኝ ሰው መሃል ስለሆንኩ ነው መሰለኝ እውነቱን መናገር ጣፈጠኝ፤ ያልጠየቁኝንም ጨመርኩላቸው። ቄስ ደገፋ ጃንጥላዬን ዘርግተው ከፍ አደረጉና፦

«ወልደ ሰንበት የተባለ የሰበታ ሾፌር! አሰብ ሂድ ተብሎ ቢታዘዝ፣ የጣርማ በር ቁልቁለት ቢያርበደብደው፣ እንደ ሕፃን ልጅ ቢያስለቅሰው፣ ሚስቴን ትቼ ከምሄድ አስቀረኝ ብሎ ቢማጸን፣ ሊቀ መላእክት ሚካኤል ሥራውን ለሌላ ሰው አሰጠለት! እልል በሉ!»

እንደ ሕፃን ልጅ የሚለውን እኔ አልነገርኳቸውም። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ከዋርካው ሥር ግን አንዲት ሴት እልል ማለት ጀምራ መሃል ላይ አቋረጠች። ዘወር ብዬ አየሁ። ገለቴ ናት። በእጇ ጧፍ ይዛለች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ለብሷል። ከኮልፌ ጀምሮ በእግሯ ነው የመጣችው።

ተከታትለን ወደ መኪናው ሄድን። አስነስቼ ኮልፌን አለፍን። ከዚያ ወደ ፊት እያየች፦

«ድንጋዩስ?» አለችኝ።

«እህትሽስ?» አልኳት። ብልህ መልስ መስሎኝ ነበር።

«እኔ የመጣሁት ላንተ ልለምን ነው» አለች። «ሰበታ ብለምን ጎረቤት ሰምቶ ባሏን ልታባርር ትሳላለች ይለኛል ብዬ እዚህ ድረስ መጣሁ። ሥራውን መልስለት፣ አሰብ ይሂድልኝ ብዬ። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን እንደምቀር፣ በየሌሊቱ ገደል ገባ ይሉኝ ይሆን እያልኩ እንደማድር እያወቅሁ። ግድግዳው ላይ ተደግፈህ ስታለቅስ አይቼ አልቻልኩም።»

«እያለቀስኩ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ነበር?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ግን የማዋጣው ውሸት አልቆብኛል። «እየሳቅሁ» አልኳት።

ዓለም ገና ደረስን። መሪውን ጨብጬ የያዝኩት ጣርማ በር ላይ ከያዝኩት ይበልጥ ነበር።

«ለሚካኤል የነገርከውን ለእኔ መንገር አቃተህ?» አለች በመጨረሻ። «ከሚካኤል ይልቅ እኔ አስፈራለሁ?»

«ፈሪ ባል ነው ያገባሁት እንዳትዪ ብዬ ነው ገለቴ።»

«ያ ወንዳፍራሽ!» ብላ በኦሮምኛ ጠራችኝ፤ ድምጿ ተሰበረ። «ፈሪ መሆንህን እኮ በሠርጋችን ቀን ነው ያወቅሁት። በቅሎዋ ላይ ሲያወጡህ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር። እኔ ምን ጎደለብኝ? ያን ጊዜ እኮ ነው የወደድኩህ። ውሸታም መሆንህን ግን ዛሬ አወቅሁ። ስንት ሳምንት ሙሉ ሳዝንልህ እያየህ ዝም አልከኝ። እኔ ነገ ጫንጮ አባቴ ቤት እሄዳለሁ። መቼ እንደምመለስም እንጃ።»

ገለቴ የማታደርገውን አትናገርም። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን አንድ ጊዜ እንኳ ጥዬህ ጫንጮ እሄዳለሁ ብላ አታውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በዚያን ጊዜ እውነተኛውን ለቅሶ ማን ያምነኛል?

ሰበታ ቤታችን ስንደርስ ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የአለሙ ኤንትሬ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ አለሙ መነጽሩን አድርጎ በራችን ላይ ተቀምጧል። የሺወርቅ ጠጅ ቤቷን ዘግታ፣ ደንበኞቿም ተከትለዋት መጥተዋል። አለሙ ሲያየኝ ብድግ አለና፦

«እንኳን ደስ አለህ! ያ የእህታቸው ልጅ ሚሌ ላይ ወባ ያዘውና ሁለተኛ አልሄድም ብሎ ተመለሰ። አቶ ገብረየስ ነገ ጠዋት ይምጣ ብለዋል!» አለ።

«ገብርኤል ቢዘገይም ሰማህ!» አለች የሺወርቅ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሁለቱ መላእክት እኔን መሃል አድርገው ገመድ የሚጓተቱ መሰለኝ።

ገለቴ ከመኪናው ወርዳ በሰው መሃል አልፋ ቤት ገባች። በተከፈተው በር ጀርባዋ ይታየኛል፤ ሣጥኗን ከፍታ ልብሷን እያወጣች ነው። ወደ እኔ አልዞረችም። እንደምትሰማ ግን አውቃለሁ።

ሰበብ አልጠፋኝም። እንዲያውም ተትረፈረፈብኝ። ጉልበቴ ያመኛል ማለት እችላለሁ። ኦቦ ሞቱማ አዛውንት ናቸው፣ ጥዬ ብሄድ ግፍ ነው ማለት እችላለሁ፤ ይህ እንዲያውም ምርቃት ያስገኛል። አፌን ከፈትኩና «ጉልበቴን...» ብዬ ጀመርኩ። ገለቴ የያዘችውን ቀሚስ አጥፋ ስታበቃ አየሁ። ጥቅሉ ላይ ልታስቀምጠው ነው።

«ጉልበቴ ደህና ነው» አልኩ። «አልሄድም። ፈርቼ ነው።»

«ምን አልክ?» አለ አለሙ።

«ፈርቼ ነው! ጣርማ በርን በአንደኛ ማርሽ የወረድኩት ችሎታ ኖሮኝ አይደለም። እጄ መሪውን ለቆ ማርሽ መለወጥ እምቢ ብሎኝ ነው። ሥራው ቀረ ስትለኝ ዞሬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እንዲቀርልኝም ለቡራዩ ሚካኤል ተስዬ፣ ዛሬ ጃንጥላ አግብቼ መምጣቴ ነው። እኔ ሣር መጫን ነው የምወደው። ማታ ቤቴ መግባት ነው የምወደው። ሚስቴን ብቻዋን ትቼ...»

 የሺወርቅ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ አንዱ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አንደኛ ማርሽ!» ብሎ የጮኸም ነበር፤ እስከ ዛሬም ድረስ ስሜ እሱ ነው። እየሳቁ፣ ጃንጥላውን ለገብርኤልም ማን እንደሚያገባለት እየተከራከሩ ወደ ጠጅ ቤቱ ሄዱ። በጣም አፈርኩ። ነገር ግን ከስንት ሳምንት በኋላ ያን ቀን ትንፋሼን ሙሉውን ሳብኩ።

አለሙ ብቻ አልሳቀም። ሰዎቹ እስኪርቁ ጠበቀ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑን ካየሁት ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ደክሞታል፣ ዙሪያው ጠቁሯል። ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገና፦

«ኦቦ ሞቱማ ሁለተኛ መኪና ሊገዙ ነው የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ።

«አልሰማሁም» አልኩት። «ለምን?»

«እንዲያው ነው» አለ። ቆየት ብሎ «ያን ቀን ጣርማ በር ላይ ተኝቼ አልነበረም» አለኝ። «የተኛሁ መስዬ ማንኮራፋት የጀመርኩት ዋሻውን ሳናልፍ ነው። ያን ቁልቁለት ሌላ ሰው ሲነዳው ማየት አልችልም። እኔ ስነዳውም አልችልም፤ ግን ለማን ይነገራል?»

 ሁለታችንም ትልልቅ ሰዎች፣ አንድ ደጅ ላይ ቆመን መሬት መሬት አየን።

ገለቴ በሩ ላይ መጣች። ቀሚሱን አሁንም በክንዷ ይዛዋለች። አለሙን ትኩር ብላ አየችው።

«ግባ አለሙ፣ ራት ላቀርብ ነው» አለችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ቤት መልሳ፣ እኔን ሳታየኝ፣ «አንተም ግባ» አለች።

ገባሁ።